ሁለት ሰዓት ውሃ እንዳይጠጣ

በሰፈራችን «ባርሲሳ ሥዩም የከሪማን ዶሮዎች ሊጨርስ ነበር» እየተባለ የሚወራው ውሸት ነው። ቢያንስ ግማሹ ውሸት ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለራሴም በቅጡ አልለየልኝም፤ ስለዚህ የሆነውን ከመጀመሪያው ልናገርና የሚፈርድ ይፍረድ።

አምቦ ውስጥ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ አራት ግቢዎች አጥር ለአጥር ተያይዘናል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ መምህር ነኝ፤ «ባርሲሳ» የሚሉኝም ለዚያ ነው፣ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። በግራዬ ከጤና ጣቢያ ጸሐፊነት ጡረታ የወጡት ኦቦ ሂርጳ አሉ። በቀኜ ነርሷ መቲ አለች። ከመቲ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ግቢ የከሪማ ነው። ከሪማ የስልጤ ልጅ ናት፤ ባሏ ፋሩቅ ጌዶ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። እሷ በራፏ ላይ ክርና ቁልፍ፣ ሳሙናና የዱቄት ወተት የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። አራታችንም ዶሮ እናረባለን። እኔ ሃያ፣ ኦቦ ሂርጳ ሃያ አንድ፣ መቲ አሥራ ሰባት፣ ከሪማ አርባ። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ያጣላናል።

ዶሮ ማርባት የጀመረ ሰው ሌላ ወሬ ይጠፋዋል። ጠዋት በአጥር ላይ የምናወራው ስለ ዶሮ ነው፤ መቲ «ሉኩ»፣ በኦሮምኛ ዶሮ፣ ብላ በከፈተችው የቴሌግራም ግሩፕም የምንጻጻፈው ስለ ዶሮ ነው። የማን ዶሮ የራሷን እንቁላል በላች፣ ጭልፊቱ ዛሬ የማን ጣሪያ ላይ አረፈ፣ ዶሮ ላባዋን ስታራግፍ ምን ይበላላታል። ከኦቦ ሂርጳ ጋር ደግሞ አንድ የማያልቅ ክርክር አለን። እርሳቸው አውራ ዶሮ የሌለበት ግቢ እንቁላል አይገኝበትም ብለው ያምናሉ።

«ኦቦ ሂርጳ፣ ይህ ድንቁርና ነው» አልኳቸው አንድ ቀን። «የኔዎቹ አንድም አውራ ሳይኖራቸው ይኸው በቀን አሥራ አምስት ይጥላሉ።»

«ይጥላሉ እንጂ!» አሉኝ። «የኔን አውራ በአጥር ቀዳዳ እያዩ ነው።»

መቲ በአጥሯ ማዶ ሆና እስኪያንቃት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መሳቅ ድንቁርናውን ማጽደቅ ነው።

የምንቀልድበት ብዙ ነገር ነበረን፤ የማንቀልድበት ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ ፈንግል። አምና ግንቦት ላይ የከሪማን ሃያ ሁለት ዶሮዎች በአራት ቀን ውስጥ አንገታቸውን እየጠመዘዘ ጨረሳቸው። ከቤቷ ጀርባ አንድ ጉድጓድ አስቆፍራ በጆንያ እየተሸከመች ስትቀብር አይቻታለሁ። ስድስት ወር ሙሉ የዶሮ ቤቷ ባዶውን ቆሞ፣ በሩ በነፋስ ሲንኳኳ ይሰማን ነበር። ዘንድሮ እንደገና ወኔዋን አሰባስባ አርባ ሁለት ጫጩት ገዛች፤ ሁለቱ ሞቱባት፣ አርባውን ለቄብነት አደረሰች። የመጀመሪያውን እንቁላል ባገኘች ቀን በነጠላዋ ጠቅልላ እየዞረች አሳየችን። በዚያው ሳምንት ፈንግል ጉደር ገባ የሚል ወሬ ደረሰን።

ክትባቱን የሚሰጠው ኦሊቃ የድሮ ተማሪዬ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም ማስተካከሉ ሰልችቶት ትቶታል። ብልቃጧ ለመቶ ዶሮ ነው የምትሠራው፤ አንዴ ከተበጠበጠች ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆይም፣ ትደፋለች። ለዚህ ነው አንድ ቤት ብቻውን የማያገኛት፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ወደ መቶ መጠጋት አለበት። እኛ አራታችን ስንደመር ዘጠና ስምንት ነን። ዓርብ ከሰዓት ኦሊቃ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ለናንተ አንድ ብልቃጥ አግኝቻለሁ። ነገ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። በውሃ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ከመምጣቴ በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ዶሮዎቹ ውሃ እንዳይጠጡ። ካልጠማቸው ክትባቱን አይነኩትም። ለሁሉም ይንገሩልኝ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናችን ወደ ጌዶ ይነሳል፣ ከዚያ ሸነን ነኝ፤ እስከ ሦስት ሳምንት አልመለስም።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ግሩፑ ላይ ለመጻፍ ስልኬን አነሳሁ። ረጅም መልእክት አልወድም። መቲ አንድ «ደህና አደራችሁ» ለማለት አሥር አበባ ትልካለች፤ ኦቦ ሂርጳ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ቀድተው ይልኩና ሦስቱን ደቂቃ ያስላሉ። እኔ ግን የአማርኛ መምህር ነኝ። እንዲህ ጻፍሁ፦

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዶሮ ውሃ እንዳይጠጣ። የክትባቱ ሰው ይመጣል።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሚቆረጥ ቃል አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት።

የከሪማ ስልክ ቁልፍ ያለው የድሮ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የለውም። ሱቋ ድረስ ሄጄ በቃሌ ነገርኳት፤ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዶሮዎቹ ውሃ እንዳይጠጡ፣ የክትባቱ ሰው ይመጣል።» ለአንዲት ደንበኛ ክር እየለካች ነበር። ቀና ብላ «ከስንት እስከ ስንት፣ መምህር?» አለችኝ።

«ሁለት ሰዓት አልኩሽ እኮ! አማርኛ ነው የተናገርኩት!»

ደንበኛዋ ዞራ አየችኝ። ከሪማ ሌላ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችውና ክሯን መለካት ቀጠለች። ያችን ዝምታ በኋላ ብዙ አስቤያታለሁ።

ቅዳሜ ልክ አራት ሰዓት ላይ ኦሊቃ የበረዶ ሣጥኑን በትከሻው አንጠልጥሎ መጣ። ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ ብልቃጧን ከመክፈቱ በፊት ዶሮዎቹ መጠማታቸውን በባዶ ውሃ ልሞክር አለ። ከኔ ግቢ ጀመረ። ሳህኑ መሬት ሳይነካ የኔዎቹ ተንጋግተው ተረባረቡበት። «ጎበዝ ቲቸር» ብሎ ሳህኑን አነሳና ወደ ኦቦ ሂርጳ ግቢ ተሻገርን።

የኦቦ ሂርጳ ዶሮዎች ውሃውን አዩት። አንዷ ገብስማ ዶሮ ቀረብ ብላ እግሯን ነከረችበትና ሄደች። ሌሎቹ ዞረውም አላዩት።

«ኦቦ፣ ውሃ አጠጥተዋቸዋል እንዴ?» አለ ኦሊቃ።

«ኧረ እንደተባልኩት ነው ያደረግሁት» አሉ ኦቦ ሂርጳ። «ሁለት ሰዓት ላይ እንዳይጠጡ ተብሏል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውሃውን አነሳሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ለጥንቃቄ አምስት ደቂቃ ጨመርሁና መለስሁላቸው።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ?» አልኩ። «ሁለት ሰዓት ላይ ዶሮ ምን ስለሚሆን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የተማርከው አንተ ነህ። ፀሐይዋ ላይ የሆነ ነገር ይኖራል ብዬ ነው።»

ወደ መቲ ግቢ ሄድን። መቲ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ገና ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። ዶሮዎቿ ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ ባልዲው አጠገባቸው ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል።

«መቲ! ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ ጋሼ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ከልክያቸዋለሁ እኮ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት፣ ከሥራ ደውዬ ቤት ያሉት በሩን እንዳይከፍቱ አድርጌ። ስመጣ ምላሳቸው ወጥቶ አንጀቴ አልችል አለ። ሁለት ሰዓቱ ደግሞ አልቋል።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ አንዱ ጸሐፊ አንዷ ነርስ፣ አንድ መስመር አማርኛ ማንበብ አቃታቸው! ወደ ኦቦ ሂርጳ ዞርኩና «እርስዎ የአውራ ዶሮውን ክርክር ቂም ይዘው ነው!» አልኳቸው።

«በጌታ ስም! በዶሮ ቂም የሚይዝ ሰው አለ?»

«አለ! እርስዎ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ኦሊቃ። «መልእክቱ ምን ይላል?»

መቲ ስልኳን አውጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዶሮ ውሃ እንዳይጠጣ። የክትባቱ ሰው ይመጣል።»

«ይኸው!» አልኩ።

«ይኸው!» አሉ ኦቦ ሂርጳ።

«ይኸው!» አለች መቲ።

ሦስታችንም ያሸነፍን መስሎን እርስ በርስ ተያየን። ኦሊቃ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን እንደያዘ ገባኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ። «ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንድ ትምህርት ነበር። ‹አሻሚ ዓረፍተ ነገር›። ሁለትና ከዚያ በላይ ትርጉም የሚሰጥ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንደዚህ ጽፌ ዜሮ ሰጥተውኛል።»

«ዐውዱ ግልጽ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ስጮህ ግን ዓረፍተ ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ መገላበጥ ጀምሯል። ሁለት ሰዓት ላይ እንዳይጠጣ። ለሁለት ሰዓት እንዳይጠጣ። ከነጋ ጀምሮ ሁለት ሰዓት እንዳይጠጣ። እኔ ራሴ ምን ብዬ ነበር የጻፍሁት? አራት ሰዓት የሚለው ቃል የታለ? ኦሊቃ በስልክ የነገረኝ ነገር ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበር መልእክቱ ላይም ያለ መስሎኝ ኖሯል።

ኦቦ ሂርጳ ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። አላሉም። «በኛ ቋንቋ ይህ አይደርስም ባርሲሳ። ‹ሳዓቲ ለማቲ› ካልኩህ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ‹ሳዓቲ ለማፍ› ካልኩህ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ጅራቷን አይተህ ታውቃለህ። ያንተዋን ግን ጅራቷን ቆርጠህ ለቀቅሃት።»

«አማርኛም አለው! ‹ለ› አለ! ‹ላይ› አለ!»

«የታለ ታዲያ?»

ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን እንደገና አየሁት።

ይህን ሁሉ ስንባባል ከሪማ የዱቄት ወተቷን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። የቧንቧ ውሃው መድኃኒት ክትባቱን እንዳይገድለው ወተት እንደሚጨመርበት ከአምና ጀምሮ ታውቃለች። ኦሊቃ «ያንቺ ዶሮዎችስ?» ሲላት «ያልገባኝን ነገር ላለማበላሸት ከነጋ ጀምሬ ምንም አልሰጠኋቸውም» አለች። ሄደን አየን። አርባዎቹም አፋቸውን ከፍተው ሽቦውን ተደግፈው ይጠብቋታል።

ኦሊቃ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለ። «የኦቦንና የመቲን ዶሮዎች እስኪጠማቸው ብጠብቅ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። አሁን በውሃ ብበጠብጠው ያንቺና የቲቸር ይጠጣሉ፣ ስልሳዎቹ ይድናሉ። ሌሎቹ ሦስት ሳምንት ይጠብቃሉ። ከሪማ፣ ምን ትያለሽ?»

ሁላችንም አየናት። አንድ ቃል ብትናገር አርባዎቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይከተቡላት ነበር። መቲ ጋውኗን እየጠቀለለች እግሯን አየች። ኦቦ ሂርጳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሪማ ደግሞ የምታየው ከቤቷ ጀርባ ያለውን፣ ሣር የበቀለበትን የአምናውን ጉድጓድ ነበር።

«በሽታው አጥር አያውቅም» አለች። «አምና ከየት እንደመጣብኝ እንኳን አላውቅም። ሌላ መንገድ የለም?»

«በዓይን ጠብታ ይቻላል» አለ ኦሊቃ። «በትንሽ ውሃ እበጠብጠውና በእያንዳንዷ ዓይን አንድ ጠብታ። ግን እያንዳንዷ መያዝ አለባት። ዘጠና ስምንት ዶሮ በጠራራ ፀሐይ።»

ዶሮ ያረባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዶሮ የሚያዘው ሲመሽ፣ ቆጥ ላይ ወጥቶ ሲፈዝ ነው። ቀን ላይ ዶሮ ማባረር ንፋስ ማባረር ነው።

«ወላሂ እንይዛቸዋለን» አለች ከሪማ።

«ከበጠበጥኩ በኋላ ሁለት ሰዓት ነው ያለን» አለ ኦሊቃ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ነው ወይስ ለሁለት ሰዓት?» አሉ ኦቦ ሂርጳ።

ከኔ በቀር ሁሉም ሳቀ።

ብልቃጧ ተከፈተች። ኦሊቃ መቶ ጠብታ እንዳላት ነግሮን መቁጠር ጀመረ። ከሪማ ከሱቋ አንድ ድውር ቀይ ክር ይዛ መጣችና «ጠብታ ያገኘችዋን እግሯ ላይ አስርላታለሁ፣ እንዳንሳሳት» አለች። ይህ ብልህ ሐሳብ ነው። ያን ጊዜም ብልህ ሐሳብ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ግን ጠዋቱን ሙሉ ሲሳቅብኝ ስለዋለ፣ በራሴ ግቢ ውስጥ በዶሮዎቼ እግር ላይ የሰው ክር እንዲታሰር አልፈለግሁም።

«የኔን ዶሮዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «አርባ ዓመት የተማሪ ስም የያዝኩ ሰው ሃያ ዶሮ አልይዝም? ክር አያስፈልግም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ነው ያልከን» አሉ ኦቦ ሂርጳ።

የኔ ዶሮዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ የፈረንጅ ዶሮዎች ናቸው። መቲ ትይዛለች፣ እኔ ክንፏን አጥፌ አቀርባለሁ፣ ኦሊቃ ያንጠባጥባል፣ ዶሮዋ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ስታደርግ እለቃታለሁ። የለቀቅኋት በበሩ በኩል ትወጣለች፤ ግማሹ ደግሞ ጥሬ ያለ መስሏት በመስኮቱ ትመለሳለች። «ይህችን አድርገናታል?» ትላለች መቲ። «አላደረግናትም!» እላለሁ። «እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?» «እርግጠኛ ነኝ!» አልነበርኩም።

ስንጨርስ ኦሊቃ «ቲቸር፣ ሃያ ሦስት ጠብታ ወጥቷል» አለኝ።

«ዶሮዎቹ ሃያ ናቸው። አንተ ድሮም ቁጥር ላይ ደካማ ነህ፤ የሒሳብ መምህርህን ጠይቅ።»

ሣጥኑን አንጠልጥሎ ሳይከራከረኝ ወጣ። ተማሪዬ ስለሆነ ነው።

ኦቦ ሂርጳ ግቢ ሃያ ሁለት ጠብታ ሄደ። አንዱ ባከነ፤ ያ የተከበረው አውራ ራሱን ሲያራግፍ የኦቦ ሂርጳ ሱሪ ላይ አረፈ። «በቃ እኔም ተከተብሁ» አሉ። «ፈንግል አይነካኝም።» የመቲ አሥራ ሰባቱ ጠግበው ስለተኙ ብዙም ሳይሮጡ ተያዙ፤ ልክ አሥራ ሰባት ጠብታ። ሁሉም ቀይ ክር እየታሰረላቸው ተለቀቁ።

ከሪማ ግቢ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አርባ ዶሮ በሃያ አምስት ደቂቃ አይያዝም ብዬ አሰብሁ። ከሪማ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ አንዲት ጣሳ ውሃ በጭኗ ላይ አደረገች። ከንጋት ጀምሮ የጠማቸው አርባዎቹ ከበቧት፤ ጭኗ ላይ ወጡ፣ ትከሻዋ ላይ ወጡ። አንድ ጉንጭ ታጠጣታለች፣ ታነሳታለች፣ ኦሊቃ ያንጠባጥባል፣ መቲ ክሩን ታስራለች። አንድም ጠብታ አልባከነም። እኔ በጩኸቴ ያስጠማኋቸው ዶሮዎች ነበሩ፤ ያ ጥማት አሁን ሥራውን አቀለለልን። በዚህ መደሰት ይኑርብኝ ወይስ ማፈር አላወቅሁም።

ከሠላሳ ስምንተኛዋ በኋላ ኦሊቃ ማንጠባጠቢያዋን ጨመቃት። አየር ብቻ ወጣ። ገልብጦ በጣቱ መታት። ምንም የለም።

«አለቀ» አለ።

ሁለት ዶሮዎች ክር ሳይኖራቸው ከሪማ ጭን ላይ ቀርተዋል። ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሃያ ሦስት። የኔዎቹ ሃያ ብቻ ቢወስዱ ኖሮ ለአርባዎቹ በቅቶ አንድ ይተርፍ ነበር።

«ኦሊቃ ቁጥር ላይ…» ብዬ ጀመርሁና አልጨረስሁትም።

ከሪማ አልጮኸችም። ብትጮኽ መልስ ነበረኝ፤ ለጩኸት መልስ አላጣም። ቀስ ብላ ተነስታ ሁለቱን ዶሮዎች እጄ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«መምህር፣ እነዚህን እርስዎ ይውሰዱ። ከሌሎቹ ለይተው ያኑሯቸው። ለኔ ከእርስዎ ዘንድ ሁለት የተከተቡ ያምጡልኝ። ሁለት ጊዜ ከደረሳቸው ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።»

«ፍትሐዊ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ዶሮ ቤቴ ገባሁ። ሃያ ቀይ ዶሮ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ማን ማን ናት? ይህች ጉትያዋ ዘንበል ያለባት አንድ ጊዜ ነው ሁለት ጊዜ? ያችኛዋስ ከነጭራሹ ተይዛለች? ዓይናቸውን አየሁ፤ የሁሉም ዓይን ያው ብርቱካንማ ነው። ውጭ ሰው እየጠበቀኝ ነው። በሩ አጠገብ የቆሙትን ሁለቱን አነሳሁና እንደሚያውቅ ሰው ፊቴን ኮስተር አድርጌ ወስጄ ሰጠኋት።

«ያንተዎቹ ደግሞ ስም ያስፈልጋቸዋል» አሉ ኦቦ ሂርጳ፣ ክር የሌላቸውን ሁለቱን እያዩ። «አንዷ ‹ሁለት›፣ አንዷ ‹ሰዓት›።»

ሁለትንና ሰዓትን መጽሐፍ የማስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ዘጋኋቸው። በሦስተኛው ቀን አሮጌ የፈተና ወረቀቶች ክምር ላይ ሁለት እንቁላል አገኘሁ።

በዘጠነኛው ቀን ፈንግል ሰፈራችን ገባ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለችው ብርቅነሽ አሥራ አንድ ዶሮዎቿ በሦስት ቀን አለቁባት። የአራታችን ግቢ ዝም አለ። ማታ ማታ ግሩፑ ላይ የሚጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ደህና»፣ «ደህና»፣ «ደህና»። ከሪማ ስልኳ ስለማይችል መቲ በአጥር ጠይቃት «የከሪማም ደህና» ብላ ትጽፍ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ዶሮ ቤቴን ስከፍት አንዷ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ወድቃ አገኘኋት።

ኦቦ ሂርጳ «ድምፅህን ሰምታ ደንግጣ ነው» አሉ። ቁጭ ብዬ አሰብሁ። አንዷ ሞተች ማለት አንዷ ጠብታ አልደረሳትም ማለት ነው፤ ወይም ኦሊቃ እንዳለኝ ክትባቱ አልፎ አልፎ ላይዝ ይችላል። ካልደረሳት ሃያ ሦስቱ ጠብታ ለአሥራ ዘጠኝ ነው የሄደው፤ አራቱ ሁለት ሁለት ጊዜ አግኝተዋል። ይህ ያልተፈታ ሒሳብ ነው፣ አልፈታውም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያን ቀን በሩ አጠገብ ከቆሙት ሁለቱ አንዷ ይህች ብትሆን ኖሮ፣ በገዛ እጄ አንስቼ የከሪማ ሠላሳ ስምንት ዶሮዎች መሐል እጨምራት ነበር።

ሱቋ ሄድኩ። ክር እየለካች ነበር።

«ከሪማ» አልኩ። «ያን ቀን የሰጠሁሽን ሁለቱን… የተከተቡ መሆናቸውን ሳላውቅ ነው የሰጠሁሽ። ለይቼ አላወቅኋቸውም።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ገብተው ሳይቆዩ ወጡ። የሚለይ ሰው ይቆያል።» ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ለብቻቸው ነው ያስቀመጥኳቸው። እስከ ዛሬም ኩሽና ውስጥ ናቸው። ያልገባኝን ነገር ላለማበላሸት ብዬ።»

ልቆጣ ፈለግሁ፤ በማን እንደምቆጣ ጠፋኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት በመጨረሻ።

«ብጠይቅዎት ይጮሃሉ።»

ይህን በሳቅ አልተናገረችውም፤ በቁጣም አልተናገረችውም። ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደሚባለው ነው የተናገረችው።

ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ ኦሊቃ ከሸነን ደወለ። ለቀሩትና ለማጠናከሪያው ሌላ ብልቃጥ ይዞ ይመጣል፤ በውሃ ነው፤ ያው አራት ሰዓት ላይ። መልእክቱን ጻፍሁ። ግሩፑ ላይ ከመላኬ በፊት ስልኬን ይዤ ከሪማ ሱቅ ሄድሁና አነበብሁላት።

«ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ለዶሮዎቻችሁ ምንም ውሃ አትስጡ። ኦሊቃ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።»

ረጅም ነው። ግን አንድም የሚጨመር ቃል የለውም ብዬ ነበር። ከሪማ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ።

«የትኛው ቅዳሜ?» አለች።

ልጮህ አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት።

«የነገ ወዲያው» አልኩ።

«እሱን ይጻፉት» አለችኝ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።